“ደህና ናት” የማይል ደብዳቤ

ልጄን ከቤቴ የወሰዷት ቀን እዚያ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ባለቤቴ ገበየሁ፤ ከባምባሲ በጭነት መኪና የመጣችው እህቱ እታለም፤ በር ላይ የቆመችው ጎረቤቴ ሐሊማ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ፤ ልጄ ብርቄ፤ ከሁሉም ርቄ ግድግዳ ሥር ደግሞ እኔ። ስማቸውን የምዘረዝረው ኋላ ላይ አንድ በአንድ ስለጠረጠርኳቸው ነው። ሐሊማን እንኳ አልማርኳትም።

ሕመሜ የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ቲቢ የሚሉት። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለታመመ ሰው ነው። ለታመመ ሰው ደብዳቤ ለሚጽፍም ነው፤ እሱም ሊጠነቀቅ ይገባዋልና። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ሄጃለሁ። የማውቀውን ግን አውቃለሁ።

ጊዜው ክልሉ አዲስ የቆመበት ነበር። አሶሳ ላይ ዛሬ አንድ ቢሮ፣ ነገ ሌላ ይከፈታል። ገበየሁ አናጢ ነው፤ ለየቢሮው ጠረጴዛና መደርደሪያ ሲሠራ ይውላል። የማናውቃቸው ሰዎች ከያለበት ይመጣሉ። እኛም ብንሆን ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን፤ አዲስ ሰው አይደንቀንም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ትኩሳት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቀኛል፣ ጠዋት ይለቀኛል። አሶሳ ትኩሳት ከያዘሽ ወባ ነው፤ ሌላ የሚያስብ የለም። የወባ ኪኒን ሰጡኝ፤ ጆሮዬ እስኪጮህ ዋጥኩ። ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ “ታይፎይድ ነው” አሉኝና ሌላ ኪኒን ሰጡኝ። አፌ መረረ፣ ትኩሳቱ ግን አልሄደም። ሦስተኛው ዘንድ ስደርስ “ብርድ መትቶሻል” ብለው መርፌ ወጉኝ። ስለ ሳሌ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ከማገዶው ጢስ መስሎኝ ነበር። ቀሚሴ ሰፋብኝ፤ ሐሊማ ወገቤን በእጇ ለክታ “ወላሂ፣ አንተ ወዴት ሄድክ?” አለችኝ። ሐሊማ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ልቧ ግን አይሳሳትም።

አንድ ጠዋት የነጠላዬ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። ያኔ ገበየሁ መጋዙን ጥሎ ወደ ትልቁ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አክታዬን በትንሽ ዕቃ ተቀበሉኝ፤ በማግሥቱም ደግመው አስተፉኝ። ከዚያ የነቀርሳ ክፍሏ ነርስ ጠራችኝ። ሁላችንም “ሲስተር” ነው የምንላት። አጭር፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት።

“ነቀርሳ ነው። ይድናል። ግን መድኃኒቱ ረጅም ነው፤ መጀመሪያ በየቀኑ እየመጣሽ መርፌ ትወጊያለሽ፣ ኪኒኑንም እዚሁ እኔ ፊት ትውጫለሽ” አለችኝ።

“ለምን አንቺ ፊት?”

“ስለማላምንሽ” አለች። ወደድኳት። የማያምን ሰው ቢያንስ አያታልልም።

ዜናው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። እታለም ተጠራች፤ ጋሽ ተሰማ መጡ፤ ያ በመጀመሪያ የቆጠርኩት ጉባኤ ተቀመጠ። ብርቄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ መኝታ ላይ ነበር የምትተኛው። አስመርምረዋት ነበር፤ ምንም አልተገኘባትም። “እንግዲህ ሳይገኝባት ትሂድ” አሉ ጋሽ ተሰማ። እውነታቸውን ነው፤ አልተከራከርኩም። ልጄ ግን እታለም ጀርባ ላይ ሆና ስታየኝ ልስማት እንኳ አልቻልኩም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በዓይኔ ሸኘኋት።

ያን ሳምንት ገበየሁ ቤቱን በሸምበቆ ለሁለት ከፈለው። የአናጢ ሥራ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይነቃነቅ። መሃል ለመሃል ግን ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ቀዳዳ እኔ ወዲያ ያለውን አያለሁ፣ እሰማለሁ። ሰው ሲጋረድ ጆሮው ይረዝማል። “እስኪ ቀስ በል፣ ትሰማናለች” የሚል ነገር ሲደጋገም እኔ መድኃኒት ከምውጠው በላይ ጥርጣሬ ዋጥኩ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር አግዳሚ አለ፤ የነቀርሳ ሕመምተኛ የሚጠብቀው እዚያ ነው። የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል። ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሆዳቸው ቆዳ ከጀርባቸው የተጣበቀ። “ይህን ማንጎ ዘንድሮ ልጅ አልሰረቀውም። እኛን ፈርተው ነው። ደመወዝ የሌለን ዘበኞች ሆነን ቀረን” ይሉ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ ሁላችንም እንስቅና ሁላችንም እንስላለን።

መድኃኒቱን በጀመርኩ ሰሞን ሽንቴ ቀላ። ገበየሁ ወይም እታለም የሆነ ነገር አስደርገውብኛል ብዬ አሰብኩ። ለሲስተር ስነግራት “የኪኒኑ ቀለም ነው፤ ደም አይደለም። ካልቀላ ነው የምጠረጥርሽ፤ አልዋጥሽም ማለት ነው” አለችኝ። ይህን ለሌላውም እነግራለሁ፤ አትደንግጡ፣ ቀለም ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በሲስተር እጅ ነው። ከባምባሲ መድኃኒት የሚያመላልሰው የጤና መኪና አምጥቶት፣ “ይሄ ያንቺ ነው” ብላ ሰጠችኝ። የደብተር ወረቀት ነው፤ አራት ላይ የታጠፈ። ስሜ በላዩ አለ። የሚያውቀኝ ሰው ባምባሲ ከእታለም በቀር የለም፤ እታለም ደግሞ መጻፍ አትችልም።

“ይድረስ ለእህቴ ለዘውዴ። አታውቂኝም። እኔ ጫልቱ እባላለሁ። ያ ማንጎ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ እኔም ተቀምጬበታለሁ። መርፌው መቀመጫሽን ያሳብጣል፣ ግን ያልቃል። አይዞሽ። ልጅሽን አይቻታለሁ፤ ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ትስቃለች። ጌታ ከአንቺ ጋር ነው።”

ቤት ስወስደው ገበየሁ በሁለት እንጨት ይዞ ጢስ ላይ አደረገው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ሕመምተኛ ነበርኩ ትላለች አይደል? ወረቀቱ ላይ ተንፍሳ ቢሆንስ?”

“እኔስ ቤትህ ውስጥ እየተነፈስኩ አይደል?”

“አንቺን በእንጨት አልይዝሽም” አለ። ከዚያ መጨረሻውን ሲያነብ ፊቱ ጨለመ። “ጴንጤ ናት። ለሃይማኖትሽ ነው የመጣችው።”

ሲስተርን ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ቤተሰቧ ከወለጋ እንደሆነ፣ ታማ በነበረ ጊዜ ማንም ደጇን እንዳልረገጠ፣ ከዳነች ወዲህ አግዳሚው ላይ ለሚቀመጡት ሁሉ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ለሽማግሌውም ይመጣላቸዋል፤ ስለማያነቡ ሲስተር ታነብላቸዋለች። የእኔ ልጅ ባምባሲ መሆኗንም የነገረቻት ራሷ ሲስተር ናት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። እኔ ግን አልቀለለኝም፤ የፈራሁት የወረቀቱን ትንፋሽ ወይም ሃይማኖቱን አልነበረም።

ምን እንደፈራሁ ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። በሰፈራ ከመጣን በኋላ ከወሎ ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር። “እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች፣ ምንም አታስቢ” ይላል። ደስ እያለኝ አነብ ነበር። አንድ ማለዳ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ። እናቴ ከሞተች ከርማ ነበር። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የተጻፉት ከሞተች በኋላ ነው። ሰው እንዳይጎዳ፣ በባዕድ አገር ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ነው፤ እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም፤ ለታመመማ ጨርሶ። አልቀየምኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን “ደህና ናት” የሚል ወረቀት ሳይ ማን ሞተ እላለሁ።

የጫልቱ ደብዳቤዎች በየመኪናው መጡ። ሁለተኛውም “ብርቄ ደህና ናት፣ ትበላለች” ይላል። ሦስተኛው “ጨዋ ልጅ ናት፣ እንደ አሳዳጊዋ” ይላል። ብርቄን እኔ ነኝ የወለድኳት። ስኳር ትሰርቃለች፣ ትናከሳለች፣ ፊቷን ላጥባት ስል ሰፈር የሚያስወጣ ጩኸት ትጮኻለች። ጨዋ የሆነች ብርቄ በሕይወት ያለች ብርቄ አይደለችም። ሰው ከሞተ በኋላ ነው እንከኑ የሚጠፋው።

ከዚያ ሁሉንም ነገር ማየት ጀመርኩ። ሲስተር አክታዬን አይታ “ከእንግዲህ ወደ ሰው አታስተላልፊም፤ ልጅሽን ማቀፍ ትችያለሽ” አለችኝ። ገበየሁን “እንግዲያ አምጣልኝ” አልኩት።

“መንገዱ ጭቃ ነው።”

“የጤናው መኪና እንዴት ይመጣል?”

“እሱ የመንግሥት ነው” አለ፤ ሲናገር የሚያየው መጋዙን ነበር።

ጢሙን መላጨትም ትቶ ነበር። ምነው ስለው “ሥራ በዝቶብኝ” ይላል። ጢም የሚያሳድግ ወንድ ምን እንደሆነ የማላውቅ ይመስል። ጋሽ ተሰማ ባልተለመደ ሰዓት መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሸምበቆው ወዲያ ሆነው “ዋናው ያንቺ ጤና ነው ልጄ፤ ሌላው የእግዜር ነው” አሉኝ። የእድር ዳኛ ያለ ምክንያት አይመጣም። ሌላው ምንድን ነው? የትኛው ሌላ?

ሐሊማ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዛልኝ መጣች። ሸምበቆውን አልፋ አጠገቤ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ናት።

“ሐሊማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ብርቄ አለች?”

ማንኪያውን አስቀመጠች። “እኔ ባምባሲ አልሄደም። እኔ አላየም። ያላየ ሰው አለ አይልም፣ የለም አይልም።”

“ሰፈር ምን ይላል?”

“ሰፈር ሲያየኝ ዝም ይላል” አለች። “አንተ ብላ። የሚበላ ሰው ሁሉን ይሰማል፣ ኢንሻላህ።”

ሰፈሩ ሐሊማን ሲያይ ዝም ካለ፣ ከእኔ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ገንፎውን አልበላሁም። ነጠላዬንና አንዲት የብርቄን ቀሚስ ቋጠርኩ። መሄዴን የነገርኩት ለሲስተር ብቻ ነው፤ ኪኒኔን ተቀብዬ ልሰናበታት ብዬ።

ሲስተር አልተቆጣችም። “መርፌውን መሃል ላይ ካቋረጥሽ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል” አለች። “ያኔ እንደገና ይነሳል፣ ያኔ እኔ የምሰጥሽ ሌላ ነገር የለኝም። ልጅሽ በሕይወት ካለች፣ በሽታውን ይዘሽላት ነው የምትሄጂው።”

“ከሌለችስ?”

“ከሌለች ምን ያስቸኩልሻል?”

እንዲህ ያለ ክፉ ንግግር ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ግን እውነት ስለነበረ ቁጭ አልኩ። ሲስተር እስክሪብቶ ሰጠችኝ። መኪናው በዚያው ቀን ይመለሳል። በጫልቱ ደብዳቤ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

“ጫልቱ፣ እኔ እናቴን በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው የቀበርኩት። ልጄ ሞታ ከሆነ ጻፊልኝ። ደህና ናት ብለሽ ከጻፍሽ ሞታለች ብዬ አለቅሳለሁ። መኪናው እስኪመለስ መርፌዬን እወጋለሁ፤ ከዚያ እመጣለሁ።”

መኪናው እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ ለማንም አይስጥ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። በየቀኑ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ወደ በሩ አያለሁ። ሽማግሌው አጠገቤ ሆነው አንድ ቀን “ልጄ፣ ጫልቱ ለኔ ምን እንደምትጽፍልኝ ታውቂያለሽ? ‘እርስዎ ሽማግሌ፣ አክታዎን መሬት ላይ አይትፉ’ ብላ ትሰድበኛለች። ለሚሞት ሰው ማን እንዲህ ይላል? እሱን ስሰማ እንደምድን አወቅሁ” አሉኝ። ሰማኋቸው እንጂ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

መኪናው በጭቃ ተለውሶ ገባ። ሲስተር ወረቀቱን ሰጥታኝ አልሄደችም፤ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ዘውዴ፣ ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ልጅሽ ባለጌ ናት። የእታለምን ስኳር ጨርሳ ቆርቆሮውን አሸዋ ሞላችበት። የኔን አውራ ዶሮ ጭራ ነቅላ አሁን ሲጮህ እንኳ ያፍራል። እኔን ‘ጥርሰ ፍንጭት’ ትለኛለች፤ እውነት ነው ፍንጭት ነኝ፣ ግን ልጅ እንዲህ አይልም። ሌላም ልንገርሽ። ኩፍኝ ይዟት ነበር፣ ክፉኛ። ባልሽ ለሥራ ወጣሁ ብሎሽ መጥቶ አይቷታል፤ ለእሷ እንዳትነግሪ፣ መድኃኒቷን ትተዋለች ብሎ አደራ አለኝ። አደራውን ጠብቄ ነው ባዶ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። አሁን ዓይኗ ትንሽ ያለቅሳል እንጂ ተነስታለች። ቅማል ስለነበራት ፀጉሯን ላጭተናታል፤ ላጪውን ነክሳዋለች። እናትሽ ታማ ነው ያልመጣችው ብላት ‘እኔም ታምሜ ነበር፤ አልጠየቀችኝም’ አለች። ተቀይማሻለች። መርፌሽን ጨርሺና መጥተሽ ታረቂያት።”

እዚያው አግዳሚው ላይ ሳቅኩ፤ ስስቅ ሳል ያዘኝ፤ ሳስል አለቀስኩ። ሽማግሌው “ምን አለች?” አሉ። “ልጄ ባለጌ ናት” አልኳቸው። “እሰይ” አሉ።

የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ስለ ሞተ ሰው ክፉ መናገር ካለብን አስቀድመን “ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” እንላለን። ጫልቱ እንዲህ አላለችም። ልጄን በሙሉ አፏ ወቀሰቻት፣ ምንም አልፈራችም። ስለ ሞተች ልጅ እንዲህ የሚጽፍ አማኝም ከሃዲም የለም።

ገበየሁ ሲመጣ በሸምበቆው ቀዳዳ “ኩፍኝ” አልኩት። መዶሻውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“ማን ነገረሽ?”

“ጴንጤዋ። ጢምህስ?”

“ስለት ነው” አለ። “ሁለታችሁም እስክትነሱ አልላጭም ብዬ።”

“ለሙት ነው ብዬ ነበር።”

“እኔም ሊሆን ነው ብዬ ነበር” አለ። ከዚያ ተነስቶ፣ የሸምበቆውን ማሰሪያ በቢላ እየቆረጠ አንድ በአንድ አወረደው። ጠንካራ ሥራ ነበር፤ እስኪመሽ ፈጀበት።

መርፌዬን ጨረስኩ፤ ከዚያ ብዙ ወራት ኪኒን ብቻ ዋጥኩ። ሲሻለኝ ልተወው ያልኩበት ጊዜ ነበር፤ ሲስተር አላመነችኝምና አልተውኩም። የታመማችሁ ሆይ፣ እንደዳናችሁ የሚሰማችሁ ጊዜ ነው አደገኛው፤ እስከ መጨረሻው ዋጡት። ሳልም ከሁለት ሳምንት ካለፈ በጢስ አታሳብቡ፤ አክታችሁን አስመርምሩ። ብርቄ መንገዱ ሲደርቅ መጣች፤ ራሷ ተላጭቶ፣ ፊቷን ነስታኝ። በመጀመሪያ ወደ ሐሊማ ነው የሄደችው። እኔ ዘንድ የመጣችው በሦስተኛው ቀን፣ ስኳር ስትፈልግ ነው። ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ሲስተር አግዳሚው ላይ አዲስ ሰው ሲቀመጥ ስሙን ትነግረኛለች፤ ማንበብ ለማይችለው እሷ ታነብለታለች። ጫልቱ ያስተማረችኝን እጠብቃለሁ፤ “አይዞሽ” ብቻ ጽፌ አልልክም። ላምህ ታማለች፣ ሚስትህ ከእናትህ ጋር ተጣልታለች፣ ጣራህ ያፈሳል እላለሁ፤ ቤተሰቡን ጠይቄ ያገኘሁትን እውነት። ከሥሩ አይዞህ እላለሁ። ያን ጊዜ ሰው ያምነኛል፤ ያላመነ ሰው ደብዳቤ አይጠቅመውም።

ጫልቱን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ደብዳቤዋ ግን ለረጅም ጊዜ አልተቋረጠም። ባሏ ወደ ጠረፉ ከተማ ወደ ኩርሙክ ንግድ እንደጀመረ፣ ልትከተለው እንደሆነ፣ የኩርሙክ ውሃ እንደማይስማማት፣ ባሏም ሲያንኮራፋ የጎረቤት አህያ እንደሚመልስለት ጽፋልኝ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፤ መልስ አልመጣም። ወደዚያ የሚመላለስ ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ሁሉም “ደህና ናት” ይሉኛል። ባምባሲ ያሉት ዘመዶቿም “ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች” አሉኝ። ምን እንዳማረራት፣ ከማን እንደተጣላች፣ ሳሏ ተመልሶባት እንደሆነ የነገረኝ አንድም ሰው የለም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ኩርሙክ ወይም በዚያ መንገድ ጫልቱ የምትባል፣ የላይኛው ጥርሷ ፍንጭት የሆነ፣ ከወለጋ ሰዎች የተወለደች፣ ለሕመምተኛ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ወሬዋን ላኩልኝ። ደህና ናት ብቻ አትበሉኝ። ካለች ጥፋቷን ጻፉልኝ። ከሌለችም ንገሩኝ፤ አሁን ጤነኛ ነኝ፣ እችላለሁ።